የአንገረብ ተፋሰስ የመስክ ልምምድ፦ የጋራ ፕሮፖዛላችንን እንቅረጽ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
እንደምን ከረማችሁ። ባለፈው ስብሰባ እንደተስማማነው፣ ጎንደር ላይ ጂአይኤስ (የካርታ መረጃን በኮምፒውተር መሥራት) እና ሪሞት ሴንሲንግ (መሬትን ከሳተላይት ምስል ማጥናት) ለሚማሩ አባሎቻችን የተግባር ሥልጠና የሚጠይቅ ፕሮፖዛል እናዘጋጃለን። የሚቀርበው ለትምህርት ክፍሉ ነው። በእጄ ያለው ረቂቅ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ አሥር ኮምፒውተር፣ የሶፍትዌር ፈቃድ እና የአምስት ቀን የላብራቶሪ ሥልጠና። የምትደግፉም የምትቃወሙም ምክንያታችሁን ጻፉ። ሁላችንም የምንፈርምበት ጽሑፍ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

በመሬት አስተዳደር የሚሠራ ምሩቅ፦
ረቂቁን ደጋግሜ አነበብኩት። ዋናው ነገር የለበትም። ለልምምድ ወደ እኛ የሚመጡ ተማሪዎች የሳተላይት ምስል አውርደው፣ እያንዳንዱን ቦታ «እርሻ»፣ «ደን» እያሉ መድበው፣ ቀለም ያማረ ካርታ ያወጣሉ። «ይህ ቢጫ ቦታ ምንድን ነው?» ሲባሉ «የእርሻ መሬት» ይላሉ። «በእግራችሁ ሄዳችሁ አይታችሁታል?» ሲባሉ መልስ የለም። ይህ የልጆቹ ስንፍና አይደለም፤ መስክ የሚያወጣቸው ስለጠፋ ነው።

በእኛ አገር ደግሞ መስክ ሳይወጡ መመደብ ከሌላው አገር ይበልጥ ያሳስታል፤ ማሳችን ትንሽ ነውና። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር፣ ማለትም 2,500 ካሬ ሜትር ነው እንበል። ላንድሳት በተባለው ሳተላይት ምስል አንድ ፒክስል (ምስሉ የተሠራበት ትንሹ ካሬ) 30 በ30 ሜትር ስለሆነ ማሳው ሦስት ፒክስል እንኳ አይሞላም። ሴንቲኔል ሁለት በተባለው ሳተላይት፣ ፒክስሉ 10 በ10 ሜትር ሲሆን፣ 25 ፒክስል ይደርሰዋል። ከእነዚህ ውስጥ ዳር ዳሩን የያዙት 16ቱ ከጎረቤት ማሳ፣ ከድንበርና ከቁጥቋጦ ጋር ሊቀላቀሉ የሚችሉ ናቸው። ማሳው አራት ማዕዘን ሆኖ ከፒክስሎቹ ጋር ልክ ቢገጥም እንኳ በእርግጠኝነት የምንተማመንበት የመሐሉ 9 ብቻ ነው። ይህን በማሳው መካከል ቆሞ፣ ወደ አራቱም አቅጣጫ አሥር አሥር እርምጃ ሄዶ ያየ ተማሪ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው፤ ኮምፒውተሩ ይቅርና ገንዘቡ ለመስክ ይዋል።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ከማራኪ፦
ስለ መስኩ ወንድማችን ያለው ልክ ነው። ነገር ግን «ኮምፒውተሩ ይቅር» የሚለውን አልቀበልም። የራሱ ላፕቶፕ የሌለው ተማሪ ሰው ሲሠራ ከጀርባ ቆሞ እያየ ነው የሚመረቀው። አሥር ባይሆን እንኳ ጥቂት ጠንካራ ኮምፒውተር ያስፈልገናል። ደግሞ የኢንተርኔቱን ነገር ማንም አላነሣውም። የሴንቲኔል ሁለት አንድ ምስል 100 በ100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን፣ መጠኑም ወደ 1 ጊጋባይት የሚጠጋ ፋይል ነው። ሠላሳ ተማሪ ያንኑ ምስል ለየብቻው ከሚያወርድ አንድ ሰው አውርዶ፣ ተፋሰሱን ብቻ ቆርጦ በሃርድ ዲስክ ቢያካፍለን ይሻላል። ሃርድ ዲስክ በበጀቱ ይግባ።

ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፦
ልጆቼ፣ ቦታውን እኔ ልምረጥላችሁ። አንገረብ ይሁን። ግድቡ የጎንደርን ሕዝብ ውኃ ያጠጣል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ከላይ ከተራቆተው ዳገት የሚወርደው ደለል ያንኑ ግድብ ይሞላዋል። ከተማችን በውኃ እጦት ስትቸገር ሁላችንም እናውቃለን። ተማሪዎቻችን ከቤታቸው ቧንቧ ጋር የተያያዘ ጉዳይ ሲያጠኑ ልባቸው ይነሣሣል። ተፋሰሱም ከከተማው በላይ፣ በቅርብ ያለ ስለሆነ ማደሪያና ረጅም መኪና አይጠይቅም።

ሥራው በዛሬው ምስል ብቻ እንዳይወሰንም አደራ። ላንድሳት 5 ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ የዚያ ዘመን ምስል 30 ሜትር ጥራት ያለው ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ክምችቱ በሙሉ በነፃ ይገኛል። ያን ጊዜ ደን የነበረው ዛሬ እርሻ ከሆነ፣ እርሻ የነበረውም ባሕር ዛፍ ከሆነ፣ ከምስሉ ሌላ ምስክር አለ፤ የቀበሌው ሽማግሌዎች። ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው። «በደርግ ጊዜ እዚህ ዳገት ላይ ምን ነበር?» በሉ። የነገሯችሁን ከነቦታው መዝግቡ፤ ለድሮው ምስል ከዚህ የተሻለ የመስክ ማስረጃ አታገኙም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የቀድሞውን 1፡50,000 የቶፖግራፊ ካርታ ስትጠቀሙ መጋጠሚያው አዲንዳን በተባለው የድሮ የቦታ መለኪያ መነሻ የተሠራ መሆኑን አትርሱ። ጂፒኤሳችሁ ግን በሌላ መነሻ፣ በደብሊውጂኤስ 84 ነው የሚያነብላችሁ። ሁለቱ ሳይቀየሩ ከተደራረቡ በሰሜን አቅጣጫ ብቻ ወደ 200 ሜትር ይለያያሉ፤ ወንዙ ዳገት ላይ ሲወጣ ታዩታላችሁ።

በግል አማካሪ ድርጅት የምትሠራ ምሩቅ፦
መምህር፣ ጤና ይስጥልን። ቦታው ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። በሶፍትዌሩ ግን ልሟገት። የሥራ ማስታወቂያዎቹ የሚጠይቁት አርክጂአይኤስ የተባለውን፣ ፈቃድ የሚገዛለትን የካርታ ሶፍትዌር ነው። ልጆቹ እርሱን ሳይነኩ ከወጡ ውድድር ላይ ይጎዳሉ።

በመሬት አስተዳደር የሚሠራ ምሩቅ፦
እህቴ፣ ስጋትሽ የእኔም ነው። ነገር ግን ፈቃድ የምንገዛበት ገንዘብ ከዓመት በኋላ እንደገና ይጠየቃል፤ ያኔ ማን ይከፍላል? ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ኪውጂአይኤስ ነፃ ነው፤ በተማሪው ላፕቶፕ ላይ ከተጫነ ከተመረቀም በኋላ አብሮት ይኖራል። የካርታ ትንበያ (የመጋጠሚያ ሥርዓት) መቀየር፣ ተፋሰስ ከከፍታ መረጃ ማውጣት፣ ምደባና የትክክለኛነት ምዘና (ምደባው ከመሬቱ ጋር መግጠሙን መፈተሽ) በሁለቱም አሠራሩ አንድ ነው። ምን እንደሚሠራ የገባው ሰው ሌላውን ፈጥኖ ይለምደዋል። አንቺ ፈቃደኛ ከሆንሽ በመጨረሻው ቀን ያንኑ ሥራ በአርክጂአይኤስ አሳዪአቸው።

በግል አማካሪ ድርጅት የምትሠራ ምሩቅ፦
በዚህ እስማማለሁ። የመጨረሻውን ቀን ለእኔ ጻፉት።

የማስተርስ ተማሪ፦
መምህር ደለልን ስላነሡ፣ የተፋሰሱን የአፈር መሸርሸር እንድናሰላ ሐሳብ አቀርባለሁ። የመሸርሸር ቀመሩ አምስት ነገር ያባዛል፤ የዝናብ ኃይል፣ የአፈር ዓይነት፣ የዳገት ርዝመትና ቁልቁለት፣ የመሬት ሽፋን እና የአጠባበቅ ሥራ። ሃንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1985 ለኢትዮጵያ እንዲስማማ አድርጎታል፤ ብዙዎቻችን የምንጠቀመውም ያንን ነው። እዚህ ላይ ግን ከፍ ብሎ ከተጻፈው ጋር የሚገናኝ ችግር አለ። ለመሬት ሽፋኑ የምንሰጠው ቁጥር የሚመጣው ከምደባው ነው። የታጨደ የጤፍ ማሳ በጥር ወር ምስል ላይ ከባዶ መሬት ጋር ይመሳሰላል፤ ባሕር ዛፍ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ካለው ጥድና ወይራ ጋር ይቀላቀላል። ሽፋኑ ከተሳሳተ በማባዛቱ ስሕተቱ ተሸረሸረ እስከምንለው የአፈር ቶን ድረስ ይከተለናል፤ ካርታው ግን አምሮ ይወጣል። ሰው አምኖ በዚያ ካርታ እርከን የት እንደሚሠራ ቢወስን ድካሙ ሁሉ ያለቦታው ይውላል።

መፍትሔው ሁለት ምስል ነው። ክረምቱን ደመና ስለሚሸፍነው፣ አንዱን በጥቅምት መጨረሻ ሰብሉ አረንጓዴ ሳለ ወይም ሊበስል ሲል፣ ሌላውን በጥር እንውሰድ። በጥቅምት አረንጓዴ ሆኖ በጥር የደረቀው እርሻ ወይም ሣር ነው፤ በሁለቱም አረንጓዴ የሆነው ዛፍ ነው። ሁለቱን ዛፎች ግን የሚለየው መስክ ብቻ ነው። በሙያው እንደተለመደው ለምዘና ለእያንዳንዱ የሽፋን ዓይነት ቢያንስ 50 ነጥብ (ሄደን አይተን በጂፒኤስ የመዘገብነው ቦታ) ይሰብሰብ። ስድስት ዓይነት ከያዝን 300 ነጥብ ይሆናል።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ከማራኪ፦
300 ነጥብ በስንት ቀን? ድሮን ብንጠቀምስ?

በመሬት አስተዳደር የሚሠራ ምሩቅ፦
ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሣም፤ ፈቃዱን ስንጠብቅ ወራት ያልፋል። በአምስት ቡድን ከተከፈልን ለአንድ ቡድን 60 ነጥብ ነው፤ በሦስት ቀን ያልቃል።

ከዚያ በፊት ግን ሊታሰብበት የሚገባው ገበሬው ነው። እንግዳ ሰው ጂፒኤስ ይዞ ማሳው መሐል ሲቆም፣ ገበሬ መጀመሪያ የሚያስበው መሬቱ ሊወሰድበት መሆኑን ነው፤ ይህን ቢያስብም አይፈረድበትም። ስለዚህ ከቀበሌው አስቀድሞ ደብዳቤ ይኑር፣ የግብርና ልማት ሠራተኛው አብሮ ይውጣ፣ የማሳ ባለቤት ስምም ፎቶም አይመዝገብ። ሥራው ሲያልቅ ካርታውን በትልቅ ወረቀት አትመን ወደዚያው ቀበሌ እንመልስ። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ከፕሮፖዛሉ እንዳትወጣ አጥብቄ እለምናለሁ።

ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፦
ተባረክ። ጥቅምት ላይ እንዲሆን፣ ጭቃው ከደረቀ በኋላ። መንገዱ ሰላም መሆኑንም ከቀበሌው ሳትጠይቁ እንዳትንቀሳቀሱ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ሐሳባችሁን ይዤ ዋናውን አንቀጽ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦

«ማኅበሩ በአንገረብ ተፋሰስ የመሬት ሽፋንና የአፈር መሸርሸር ላይ ያተኮረ የተግባር ሥልጠና እንዲካሄድ ይጠይቃል። ሥልጠናው የሁለት ቀን የኪውጂአይኤስ ዝግጅት፣ የሦስት ቀን የመስክ መረጃ ስብሰባ፣ የሁለት ቀን የምደባና የትክክለኛነት ምዘና ሥራ እንዲሁም የአንድ ቀን የአርክጂአይኤስ ማሳያ ይኖረዋል። የሚጠየቀው ድጋፍ የመስክ መኪና፣ የተማሪዎች የቀን አበል፣ አምስት የጂፒኤስ መሣሪያ፣ ላፕቶፕ ለሌላቸው ቡድኖች ሦስት ኮምፒውተርና ሁለት ሃርድ ዲስክ፣ እንዲሁም የካርታ ኅትመት ነው። ውጤቱ ከነትክክለኛነቱ መጠን ለተፋሰሱ ቀበሌዎችና ለከተማው የውኃ አገልግሎት ይሰጣል።»

የማስተርስ ተማሪ፦
አንድ ቃል ብቻ ይስተካከል። «የትክክለኛነት ምዘና» ከሚለው ቀጥሎ «ለመለማመጃ ባልዋሉ ነጥቦች» ይጨመርበት። ምደባውን ባስተማርንበት ነጥብ ራሱን መልሰን ከፈተንነው ውጤቱ ሁልጊዜ ያምራል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ተጨምሯል። የቀበሌ ደብዳቤውን እኔ እይዛለሁ፤ የበጀት ሠንጠረዡን ከማራኪ ያለችው እህታችን ከማስተርስ ተማሪው ጋር እስከ ዓርብ ያቅርቡ። የምትፈርሙ አባላት ስማችሁን ለብቻ ላኩልኝ።