ለችግረኞች የተሰበሰበ መባ ለጣሪያ ጥገና ሊውል ይችላልን?

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፥ በካቶሊክ ቁምስናችን (በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን) የገንዘብ ምክር ቤት ውስጥ አገለግላለሁ። በየእሑዱ ቅዳሴ ለችግረኛ ቤተሰቦች ተብሎ ከሚሰበሰበው ሁለተኛ መባ የተጠራቀመው ገንዘብ ለሚያፈሰው የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ይዋል የሚል ሐሳብ ስለ ቀረበ እጅግ ተጨንቄአለሁ። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የቀኖና ሕግ በቁጥር 1267 ምእመናን ለተወሰነ ዓላማ የሰጡት ስጦታ ለዚያው ዓላማ ብቻ እንዲውል ያዛል፤ ይህም ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ጣሪያው መጠገን እንዳለበት አልክድም፤ ሆኖም በየሳምንቱ እህልና መድኃኒት የሚጠብቁ አረጋውያን አሉ። ሰጪዎቹ ስማቸውን ሳይገልጹ ስለሚሰጡ ፈቃዳቸውን መጠየቅ አልተቻለም። ለጣሪያው የተለየ መባ እንዲሰበሰብ ለቆሞሳችን (ቁምስናውን ለሚያስተዳድሩት ካህን)፣ ሥልጣናቸውን ሳልጋፋ፣ በምን መልክ ላቅርብላቸው? ተመሳሳይ ጉዳይ የገጠማችሁ ብትመክሩኝ በትሕትና እለምናለሁ።