ለከርነል ሥራ የትኛው አሴምብለር? ናዝም፣ ጋስ ወይስ ፋዝም

ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት) ልጻፍ ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይሄንን ነው፤ በየትኛው አሴምብለር (የአሴምብሊ ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ በሚቀይር መሣሪያ) ልጀምር? ሦስቱንም ሠርቼባቸዋለሁ። ቡት ሴክተሩን፣ ማለትም ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጫነውን የዲስክ ክፍል፣ በናዝም ጻፉ፤ ሲ ቋንቋ ሲገባበት ጋስን ልመዱ። እንዲህ የምለው በምክንያት ነው።

ናዝም ከ1996 ጀምሮ ያለ፣ በነፃ የሚገኝ፣ ኮዱም ክፍት የሆነ መሣሪያ ነው። አጻጻፉ የኢንቴልን ስለሚከተል የፕሮሰሰሩን ማኑዋል ከጎን ከፍቶ እያዩ መሥራት ይቻላል። ደግሞም ያለ ሊንከር (የኮድ ፋይሎችን ከሚያያይዘው ፕሮግራም ውጭ) ጥሬ ባይነሪ፣ ማለትም ባዶውን የማሽን ኮድ፣ ያወጣላችኋል። ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ከዲስኩ የመጀመሪያውን 512 ባይት አንስቶ 7ሲ00 (በሄክሳዴሲማል አቆጣጠር) በተባለው የሚሞሪ አድራሻ ላይ ይጭንና ሥራውን ያስረክበዋል። መጨረሻ ላይ 55 እና ኤኤ የሚባሉት ሁለት ባይቶች ከሌሉ ግን አብዛኛው ባዮስ ዞር ብሎም አያየውም። በናዝም ይሄ የሁለት መስመር ሥራ ነው። አንዱ እስከ 510 ባይት ድረስ ያለውን በዜሮ ይሞላል፣ ሌላው ፊርማውን ያሳርፋል። ኮዱ ውስጥ ኤኤ55 ተብሎ ተገልብጦ ብታዩት አትደንግጡ፤ ኤክስ86 (የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ቤተሰብ) የቁጥሩን ትንሽ ባይት ስለሚያስቀድም ነው። ኮዱ የሚጫነው 7ሲ00 ላይ መሆኑን ለናዝም መንገርም አትርሱ። ካልነገራችሁት አድራሻ ሁሉ ከዜሮ ይቆጥርና ስክሪኑ ላይ በመልእክታችሁ ፈንታ ዝባዝንኬ ይወጣል።

ጋስ የግኑ ቢንዩቲልስ ጥቅል አካል ነው። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር የሲ ኮዳችሁን ተርጉሞ የሚያስረክበው ለእሱ ነው፤ የሊኑክስ ከርነል የአሴምብሊ ክፍልም የተጻፈው በእሱ አጻጻፍ ነው። ናዝም ከኤክስ86 ውጭ አይሠራም። ነገ ወደ ኤአርኤም ወይም ወደ ሪስክ ፋይቭ ፕሮሰሰሮች መሻገር ካሰባችሁ ጋስ አብሯችሁ ይሄዳል።

የሚያስቸግረው አጻጻፉ ነው። ኤቲ ኤንድ ቲ የሚባለው ሲንታክስ ምንጩን አስቀድሞ መድረሻውን ያስከትላል፤ ከናዝም ተቃራኒ ማለት ነው። እሱ እንኳን ቶሎ ይለመዳል። እኔን ሁለት ቀን ያቆየኝ የዶላር ምልክቷ ናት። ቁጥር 5ን ሬጅስተር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ ማከማቻ) ውስጥ ላስገባ ፈልጌ $ ሳላደርግ 5 ብቻ ብዬ ጻፍኩ። ጋስ ይሄንን የሚያነበው «አድራሻ 5 ላይ ያለውን አምጣ» ብሎ ነው። ፔጂንግ (የሚሞሪ አድራሻዎችን የሚቆጣጠረው ስልት) ገና ስላልበራ ማንም አላስቆመኝም። ባዮስ የኢንተራፕት (የማቋረጫ ጥሪዎች) ሰንጠረዡን የሚያኖረው እዚያው አካባቢ ስለሆነ ከዚያ ያመጣልኝን ቁጥር ይዤ ስባዝን ከረምኩ። ጋስን በአንድ መስመር ትእዛዝ የኢንቴልን አጻጻፍ ማስቀበል ይቻላል። ቢሆንም የሌሎችን ከርነል ለማንበብ ኤቲ ኤንድ ቲን ማወቁ አይቀርላችሁም።

ፋዝም ራሱ በአሴምብሊ የተጻፈ፣ ራሱን በራሱ የሚገነባ አሴምብለር ነው። ፈጣን ነው፣ ማክሮው (ተደጋጋሚ ኮድን በአንድ ስም መጥሪያው) ደግሞ በጣም ያስደስታል። ሜኑዌት እና ኮሊብሪ የሚባሉት ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች የተሠሩት በእሱ ነው። ከርነላችሁን ከላይ እስከ ታች በአሴምብሊ ልትጽፉ ከሆነ ከናዝም በፊት እሱን ሞክሩት። ሲ ከተቀላቀለበት ግን ብዙ የሚጨምርላችሁ ነገር የለም።

ያዝም የሚባለው ሌላ አሴምብለር 2014 ላይ ካወጣው ቅጂ ወዲህ አዲስ አላወጣም፤ እለፉት። ማዝም የሚባለው ደግሞ ለዊንዶውስ ሰው ነው።

ናዝምን ከሲ ጋር ስታገናኙ የሚያወጣውን ፋይል ዓይነት እዩ። ከርነሉ 32 ቢት ከሆነ ኤልፍ32፣ 64 ቢት ከሆነ ኤልፍ64 በሉት፤ ከተደባለቀ ሊንከሩ አይቀበላችሁም። በማሽናችሁ ላይ ባለው ጂሲሲ ፈንታም ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለሌለበት ባዶ ማሽን የተዘጋጀ ክሮስ ኮምፓይለር ሥሩ። ግንባታው ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ከብዙ ጣጣ ያድናችኋል።

ለሙከራ ኪውኤምዩ የተባለው ኢሙሌተር (ኮምፒውተርን በሶፍትዌር የሚያስመስል ፕሮግራም) ይበቃል። ፕሮሰሰሩን ገና ሲነሳ አቁማችሁ በጂዲቢ ዲባገር (ስህተት መፈለጊያ ፕሮግራም) አንድ በአንድ መራመድ ትችላላችሁ። ከ16 ቢት ወደ 32 ቢት መሻገሪያው ላይ ከተጣበቃችሁ ግን ቦክስ የተባለውን ኢሙሌተር ክፈቱ። የራሱ ዲባገር አለው፣ የሴግመንት ሬጅስተሮቹንና የጂዲቲውን (የሚሞሪ ክፍሎችን የሚገልጸው ሰንጠረዥ) ይዘት ዘርዝሮ ያሳያል። ቢኤክስ የተባለውን ሬጅስተር ከራሱ ጋር የምትለዋውጥ አንዲት መስመር ኮዳችሁ ውስጥ ጣል አድርጉና ይሄንን ማቆሚያ በቦክስ ማስተካከያ ፋይል ላይ አብሩት፤ ልክ እዚያች መስመር ላይ ይቆምላችኋል።