ማደንዘዣ አልይዝ ላላት እህቴ ምን ይሻላል?

ጤና ይስጥልኝ። እህቴ ኤለርስ ዳንሎስ የሚባል የአያያዥ ሕብረ ሕዋስ ሕመም አለባት። መገጣጠሚያዎቿ በቀላሉ ይወልቃሉ። በቀደም የመንጋጋ ጥርሷን ልታስነቅል ሄዳ ሊዶኬይን የሚባለውን ማደንዘዣ ተወጋች። ከንፈሯ ትንሽ ደነዘዘ፤ ጉጠቱ ጥርሱን ሲነካው ግን ጮኸች። ቢደገምላትም ያው ነው። «ፈርተሽ ነው» ተባለች። ይሄ በጣም አሳዘነኝ። ይህ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ማደንዘዣው ቶሎ ሊለቅ ወይም በደንብ ላይዝ እንደሚችል በሕክምናው የታወቀ ነው።

አሁን ጥርሱ መግል ይዟል፤ አንቲባዮቲክ ጀምራለች። የጥርስ ሐኪሞች ወይም የሰመመን ባለሙያዎች ካላችሁ እባካችሁ እርዱን። አርቲኬይን የሚባለው ሌላ ማደንዘዣ ይሻላት ይሆን? ሙሉ ሰመመን ከተሰጣትስ፣ አንገቷና መንጋጋዋ እንዳይወልቅ አስቀድመን ምን ብለን እንንገራቸው? ሕመሙ ኖሮባችሁ ጥርስ ያስነቀላችሁም ካላችሁ፣ ምን እንደያዘላችሁ ጻፉልን።