እናቴ ደም ግፊት አለብሽ ተባለች፤ የቤታችንን ጨው ከየት ልቀንስ?

ጠያቂ (ኮዬ ፈጬ)
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ለጉንፋን ብላ ጤና ጣቢያ ሄዳ ግፊቷ 160/100 ሆኖ ተገኘ። ሌላ ቀን ስትለካም ያው ነው። አምሎዲፒን የሚባል የግፊት ክኒን ታዘዘላትና «ጨው ቀንሺ» ተባለች፤ እንዴት እንደምትቀንስ ግን የነገራት የለም። አምስት አዋቂዎች ነን። ወጡን የምትሠራው እሷ ናት፣ ጨው የምታደርገውም በእጇ እየቆነጠረች ነው። አባቴ ትንሽ ከጎደለው ገበታ ላይ ጨው ያስመጣል። ጎረቤቶች ደግሞ «አሞሌ ጨው ግፊት አያመጣም» ይሉናል። እሷም «ራሴን ሳያመኝ መድኃኒት ለምን እውጣለሁ?» ትላለች። ከየት ልጀምር?

የሰበታዋ እናት
ልጄ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ከድስቱ በፊት ባልትናውን እዪ። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ሽሮውም በብዙ ቤት ጨው ገብቶበት ነው የሚፈጨው። ሚጥሚጣውማ አይነሳ። እንግዲህ ሽሮ ሠርተሽ በመጨረሻ ጨው ጣል ስታደርጊ ሦስተኛ ጊዜሽ ነው! እኔ ባለቤቴ ግፊት ካገኘው ወዲህ በርበሬውንም ሽሮውንም ያለ ጨው ነው የማስፈጨው። ይነቅዛል ብለሽ አትስጊ፤ በደንብ ደርቆ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ይቀመጥ።

ጨው ወጡ ሊወርድ ሲል ብቻ ይግባ፣ በሻይ ማንኪያ እየተለካ። ከገበታ ላይ የጨው ዕቃውን አንሺ። ለአባትሽ በምትኩ ሎሚ፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት አቅርቢላቸው። መጀመሪያ ያጉረመርማሉ፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ምላስ ይለምዳል። ቡና በጨው የምትጠጡ ከሆነም እሱን ተዉት።

ነርስ (ለገጣፎ)
እህቴ፣ የእናታችን ጥያቄ በየቀኑ የምሰማው ነው። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ራስ ምታት እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ስትሮክ፣ የልብ ወይም የኩላሊት ችግር ሊቀድመው ይችላል። ስለዚህ ክኒኑን ደህና ነኝ ባለችበት ቀንም ትውሰድ። አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል። ካበጠ ለሐኪሙ ትንገር፣ በራሷ አታቋርጥ።

አሞሌም ሆነ የተፈጨ ጨው ለግፊት ያው ጨው ነው። አሞሌው ደግሞ አዮዲን አልተጨመረበትም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው እንቅርትን ለመከላከል ነው። ጨው መቀነስ ማለት አዮዲን ያለውን ትቶ ወደሌለው መሄድ አይደለም።

ስትለካ ቡና ከጠጣች ግማሽ ሰዓት ይለፋት። አምስት ደቂቃ ዝም ብላ ትቀመጥ፣ ክንዷ በልብ ልክ ይደገፍ። ሹራቧን ታውልቅ፣ በልብስ ላይ አይለካም። እናንተም ሁላችሁ ተለኩ።

የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ
እኛ ቤት የጠቀመን ነገር፦ የጨው ፓኬት ሲከፈት ቀኑን በእስክሪብቶ ላዩ ላይ መጻፍ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው፣ የሻይ ማንኪያ ሙሉ እንኳ የማይደርስ። ለአምስት ሰው በወር 750 ግራም ግድም ነው። ያውም ዳቦው ውስጥና በርበሬው ውስጥ ያለውን ጨምሮ። ኪሎው ወር ሳይሞላ ካለቀ ነገሩ ግልጽ ነው። ወጥ ማጣፈጫ ብለን የምንጨምረውን ኩብም አትርሺ፣ በብዛት ጨው ነው።

ጠያቂ
ሁላችሁንም ተባረኩ። ሁለት ነገር ቀረኝ። የሽፈራው ቅጠልና ነጭ ሽንኩርት መድኃኒቱን ይተካሉ የሚሏት አሉ። ሱፐርማርኬት ውስጥም «ሶዲየም የተቀነሰለት» የሚል ጨው አየሁ፣ ልግዛው?

ነርስ (ለገጣፎ)
ነጭ ሽንኩርቱን ወጥ ውስጥ እንደልብ አድርጉት፤ ክኒኑን ግን እሱም ሽፈራውም አይተኩም። ያ ጨው ደግሞ ግፊት ከሚጨምረው ሶዲየም በከፊሉ ፋንታ ፖታሲየም አለው። ለብዙ ሰው ጥሩ ነው። የኩላሊት ችግር ያለበት ወይም ኢናላፕሪል የመሰለ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር። ለእሷም ከመግዛትሽ በፊት በቀጠሮዋ ቀን ጠይቂ።

ጠያቂ
እሺ። የዓመቱ በርበሬያችን ግን ጨው ገብቶበት ተፈጭቷል፣ ምን ላድርገው?

የሰበታዋ እናት
ኧረ በርበሬ በዚህ ዋጋ አይጣልም ልጄ! በእሱ የሠራሽው ወጥ ላይ ሌላ ጨው ሳትጨምሪ ቅመሺው፣ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል። ሽሮውን ግን ከአሁን ጀምሮ ያለ ጨው አስፈጪ። ወፍጮ ቤት ከመሄድሽ በፊት ለእናትሽ ንገሪያት፣ እሷ እንደ ልማዷ ቀድማ እንዳትጨምርበት።