የጋራ ካሜራችን ሶኒ ይሁን ወይስ ካነን? የአንድ ዕቁብ አባላት ክርክር

የዕቁቡ ዳኛ፣ ፒያሳ

ውድ አባላት፣ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በአምባሳደር አካባቢ የምንሠራ 14 ፎቶ አንሺዎች ለጋራ አገልግሎት የሚውሉ አራት የካሜራ ቦዲዎችን (ሌንስ የሌላቸው የካሜራ አካሎችን) ለመግዛት ገንዘብ ስናጠራቅም ቆይተናል። ገንዘቡ ሊሞላ ስለተቃረበ የሚገዛው ሶኒ ኤ ሰቨን ፎር ይሁን ወይስ ካነን አር ሲክስ ማርክ ቱ የሚለውን በመጪው እሑድ በድምፅ እንወስናለን። ሁለት ዓይነት ሌንስ፣ ሁለት ዓይነት ባትሪና ሁለት ዓይነት ቻርጀር ማስተዳደር ስለማንችል ማደባለቅ እንደማይኖር ቀድመን ተስማምተናል።

ሁለቱም ትልቅ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበል ክፍል) ያላቸው፣ ማለትም ፉል ፍሬም፣ እንዲሁም በውስጣቸው መስታወት የሌላቸው፣ ማለትም ሚረርለስ ናቸው፤ ሶኒው እ.ኤ.አ. በ2021፣ ካነኑ በ2022 ሲወጡ ዋጋቸው በአሜሪካ ገበያ 2,500 ዶላር ገደማ ነበር። ተተኪዎቻቸው በ2025 መጨረሻ ቢወጡም ከአቅማችን በላይ ስለሆኑ አላነሣቸውም። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር 2,500 ዶላር ወደ 142,500 ብር ይመነዘር ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን ዶላሩ 100 ብር ስላለፈ ያው ገንዘብ፣ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይታሰብበት፣ ከሩብ ሚሊዮን ብር በላይ ሆነ። ተሳስተን እንደገና የምንገዛበት አቅም የለንም።

የእኔ ድምፅ ለካነን ነው። ከ14 አባላት 11ዱ 5ዲ እና 6ዲ ከተባሉት የድሮ ባለመስታወት የካነን ካሜራዎች ዘመን ጀምሮ ያጠራቀምናቸው የኢኤፍ ሌንሶች አሉን። ካነን እ.ኤ.አ. በ1987 የጀመረው የኢኤፍ ሌንስ በአዲሱ ቦዲ ላይ የሚገጠመው በውስጡ ምንም የሌንስ ብርጭቆ በሌለው ቀላል አዳፕተር (ማገናኛ) ነው። የድሮው ካሜራ ከሌንስ መግጠሚያው እስከ ሴንሰሩ 44 ሚሊ ሜትር፣ አዲሱ ደግሞ 20 ሚሊ ሜትር ርቀት ስላላቸው አዳፕተሩ የሚሠራው የቀሩትን 24 ሚሊ ሜትር መሙላትና የኤሌክትሪክ ግንኙነቱን ማስተላለፍ ብቻ ነው። ፎከሱ በድሮው ቦዲ ላይ ከነበረው አይዘገይም፤ እንዲያውም ዓይንን ለይቶ መከተሉን ከአዲሱ ቦዲ ያገኛል። እጃችን ላይ ያለውን ሀብት ትተን ለሌንስ ሌላ ዕቁብ የምንጥልበት ምክንያት አይታየኝም።

የሠርግ ፎቶ አንሺ፣ አራት ኪሎ

ዳኛችን፣ የጻፉትን በአክብሮት አነበብኩት፤ በመደምደሚያው ግን አልስማማም። ያሉን ሌንሶች ብዙዎቹ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገሉ፣ አንዳንዶቹም በውስጣቸው ሻጋታ የጀመራቸው ናቸው። ስለዚህ የዛሬውን ምርጫ መመዘን ያለብን ከአምስት ዓመት በኋላ ለመተኪያ በምንከፍለው ዋጋ ነው። ሶኒ ኢ የተባለውን የሌንስ መግጠሚያውን መሠረታዊ ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2011 ለሌሎች አምራቾች ስለከፈተ ዛሬ ሲግማና ታምሮን የተባሉት የሌንስ አምራቾች ለፉል ፍሬም ሶኒ በርካታ ጥሩ ሌንሶችን ያመርታሉ። ካነን ግን አርኤፍ የተባለውን የአዲሶቹን ካሜራዎቹን መግጠሚያ ዘግቶ ይዟል፤ በ2022 ቪልትሮክስ የተባለው አምራች የአርኤፍ አውቶፎከስ ሌንሶቹን ከገበያ እንዲያወጣ ተገደደ፣ በ2024 ለሲግማና ለታምሮን የተፈቀደውም አነስተኛ ሴንሰር ላላቸው ካሜራዎች የሚሆነው ነበር።

ይህ በዋጋ ሲተረጎም ቀላል አይደለም። የታምሮን 28-75 ሌንስ (ቁጥሮቹ ሌንሱ ከሰፊ እይታ እስከ ማቅረቢያ የሚደርስበትን በሚሊ ሜትር ያሳያሉ) ሁለተኛው ትውልድ ሲወጣ 899 ዶላር ነበር፤ የካነን አርኤፍ 24-70 ግን በ2019 የወጣው በ2,299 ዶላር ነው። በ1,400 ዶላር ልዩነት ሌላ ሌንስና ሁለት ፍላሽ ይገዛል። ኢኤፍ ሌንስ እኮ በሶኒም ላይ በአዳፕተር ይገባል።

የበዓላት ፎቶ አንሺ፣ ጊዮርጊስ አካባቢ

እህቴ፣ ይገባል ማለትና ይሠራል ማለት የተለያዩ ናቸው። የካነን ሌንስ በሶኒ ላይ ሲገጠም ሁለቱ በሦስተኛ ወገን አስተርጓሚነት ስለሚነጋገሩ ቆሞ ለሚነሣ ሰው ይበቃ ይሆናል፤ በጥምቀት ዕለት በጃን ሜዳ ከታቦቱ ፊት እየሮጠ ለሚያነሣ ግን አያስተማምንም። ካነን በዋጋ ምን ያህል ይርቃል ለሚለውም በ2024 የወጣውን አርኤፍ 28-70 ኤፍ 2.8 አላነሡትም፤ ዋጋው 1,099 ዶላር ነበር።

እኔ ግን የምጨነቀው ሰው ብዙም በማያነሣው ነገር፣ ድምፅ በሌለው ሸተር (ብርሃን ወደ ሴንሰሩ የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነው ክፍል) ነው። በቅዳሴ መካከል የሸተር ድምፅ ማሰማት ነውር ነው፤ እኔም በዚህ ምክንያት ከቤተ መቅደሱ ጥግ ቆሜ ያለፉኝን ፎቶዎች አልረሳቸውም። ሚረርለስ በኤሌክትሮኒክ ሸተር ያለ ድምፅ ማንሣት ስለሚችል ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሴንሰሩ ምስሉን በአንድ ጊዜ አያነብም፤ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ነው የሚያነበው። የሶኒው ሴንሰር ንባቡን ለመጨረስ የሰከንድ አንድ አሥራ አምስተኛ ገደማ ይፈጅበታል፤ የካነኑ የሰከንድ አንድ ሰባኛ አካባቢ ይበቃዋል።

ይህ በማኅሌት ላይ ምን እንደሚያደርግ ላስረዳ። ወረቡ ሞቆ መቋሚያው ወደ ቀኝና ወደ ግራ በሚወዛወዝበት ጊዜ በሶኒው ያለ ድምፅ ብታነሡት ቀጥ ያለው መቋሚያ እንደ ቀስት ጎብጦ ይወጣል፤ የከበሮ መቺው እጅም ከክንዱ የተለየ ይመስላል። በመብራቱ በኩል ያለው ችግር ደግሞ ይብሳል። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ የኤልኢዲና የሸምበቆ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። በአንድ አሥራ አምስተኛ ሰከንድ ንባብ ውስጥ ከስድስት በላይ ርግብግቢት ስለሚገባ በካህኑ ነጭ ልብስ ላይ ስድስትና ሰባት ጥቁር መስመር ይጋደማል፤ በካነኑ ግን አንድ ወይም ሁለት ነው፣ እሱም በደንብ የተመረጠ የሸተር ፍጥነት ሲጨመርበት ሊጠፋ ይችላል። እውነቱን ሙሉ ለመናገር፣ ካነኑ በኤሌክትሮኒክ ሸተር ሲያነሣ የሮው ፋይሉ (ያልተቀነባበረው ጥሬ ምስል) የያዘው የብርሃን እርከን ከ14 ቢት ወደ 12 ቢት ስለሚወርድ ጥላው ውስጥ ያለውን ፊት በኤዲት ለማንሣት ያለው አቅም ይቀንሳል። ለጠይም ፊትና ለነጭ ነጠላ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም፤ ቢሆንም የጎበጠ መቋሚያ በኤዲት አይቃናም።

የሠርግ ፎቶ አንሺ፣ አራት ኪሎ

ነጭና ጠይም ካሉ አይቀር የዕለት ሥራዬ ያው ነው። ሙሽራዋ በእኩለ ቀን ፀሐይ ጥበብ ቀሚስ ለብሳ ስትቆም ነጩ እንዳይቃጠል ብርሃኑን እቀንሳለሁ፤ ከዚያም ፊቷን በኤዲት አወጣለሁ። በመካኒካል (ድምፅ ባለው) ሸተር ሁለቱም 14 ቢት ስለሚሰጡ በዚህ ረገድ ይህን ያህል እንደማይበላለጡ እቀበላለሁ። ሶኒው ግን 33 ሜጋፒክስል፣ ካነኑ 24 ነው። በሥላሴ ካቴድራል በር ላይ የቆመውን የቤተሰብ ፎቶ ቆርጬ አያትየውን ለብቻ አውጪልኝ ስባል ልዩነቱ ይታየኛል።

የአልበም አታሚ፣ አምባሳደር

በዚህ ጉዳይ ቁጥሩን ከሙያዬ አንጻር ላቅርብ። ከሠርግ አልበም ትልቁ የምናትመው ገጽ ሲዘረጋ 60 በ40 ሴንቲ ሜትር ነው። የካነኑ ፎቶ በአግድም 6,000 ፒክስል ስላለው በአንድ ኢንች 254 ፒክስል ይደርሳል፤ ሶኒው 7,008 ስላለው 297 አካባቢ ይሰጣል። አልበሙን በእጁ ይዞ የሚያይ ሰው ልዩነቱን አይለይም። ቆርጦ ለማውጣት ያለውን ጥቅም ግን አልክድም።

የቪዲዮ ባለሙያ፣ ፒያሳ

የራሴ ካሜራ ሶኒ ስለሆነ ለእሱ ትከራከራለህ ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። ለንግግርና ለቃለ መጠይቅ ሶኒው ከሰፊ የ7ኬ ምስል ጨምቆ የሚሰጠውን ጥርት ያለ 4ኬ ቪዲዮ እወደዋለሁ። ይሁን እንጂ የመልስ ዕለት እስክስታው ሲደራ ትከሻውን አዘግይቶ ለማሳየት በሰከንድ 60 ፍሬም መቅረጽ ያስፈልጋል፤ በዚህ ጊዜ ሶኒው የሴንሰሩን መሐል ብቻ ስለሚጠቀም የ24 ሚሊ ሜትር ሌንሴ እይታው ጠብቦ እንደ 36 ይሆናል። በጠባብ ሳሎን ውስጥ ጀርባዬ ግድግዳ ነክቶ ሳለ የግማሹ ቤተሰብ ፊት ከምስሉ ይወጣብኛል። ካነኑ በዚያው ፍጥነት የሴንሰሩን ሙሉ ስፋት ይጠቀማል። በዚህ ሥራ ካነን ይሻላል።

የካሜራ ጥገና ባለሙያ፣ ፒያሳ

አንድ የተሳሳተ ተስፋ እንዳትይዙ ልናገር። ለካነን ጠጋኝና መለዋወጫ ሞልቷል የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው ለድሮዎቹ መስታወት ላላቸው ካሜራዎች ነው። እኛ መለዋወጫ የምናገኘው በአብዛኛው ከሞተ ካሜራ ፈትተን ነው፤ የ5ዲ ሬሳ ግን ለአር ሲክስ አይሆንም። ከድሮው በእርግጥ የሚተላለፈው ባትሪው ነው፤ የኤልፒ ኢ6 ባትሪዎቻችሁ በአዲሱ ይገባሉ፣ የተከታታይ ቀረጻው ፍጥነት ግን ሊቀንስ ይችላል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ቦርሳችሁ ውስጥ አምስት ባትሪ መኖሩ ዋጋ አለው። ከመስታወት ካሜራ የመጣችሁ ሁሉ ደግሞ ሌንስ በመንገድ ላይ አትቀይሩ፤ በሚረርለስ ሴንሰሩ ከአቧራው ጋር ፊት ለፊት ነው።

አዲስ አባል፣ አራት ኪሎ

ታላላቆቼ፣ እስካሁን ዝም ያልኩት ስለ ካሜራዎቹ የምጨምረው ስለሌለኝ ነው። የምናገረው ስለ ገንዘቡ ነው። ሌንስ ከሌላቸው ሦስት አባላት አንዱ እኔ ነኝ፤ ዕቁቡን ግን እንደ ማንኛችሁም ሳላጓድል እከፍላለሁ። ዳኛችን «እጃችን ላይ ያለውን ሀብት» ሲሉ ያ ሀብት የማን ነው? ካነን ከተገዛ የ11 ሰዎች የግል ሌንስ በእኔም ገንዘብ ዋጋው ይታደሳል፤ እኔ ግን ቦዲውን ተረክቤ የማነሣበት ሌንስ ለመዋስ ቅዳሜ ማታ ስልክ እደውላለሁ። ባለፈው የጥር ሠርግ ወቅት 70-200 ሌንስ የሚያውሰኝ አጥቼ የተቀበልኩትን ቀብድ መልሻለሁ፤ ማንንም አልወቅስም፣ ሁሉም በዚያ ቀን ሥራ ነበረው። ሶኒ ከተገዛ ሁላችንም ከዜሮ እንጀምራለን፤ ይከብዳል፣ ግን እኩል ይከብደናል። እስካሁን የቀረበው ክርክር ሁሉ ሌንሶቹ የጋራ እንደሆኑ አድርጎ የተነሣ ነው፤ የጋራ አይደሉም።

የዕቁቡ ዳኛ፣ ፒያሳ

ልጄ፣ የተናገርከው ልክ ነው፤ ከመነሻው ማየት ነበረብኝ። ያቀረብኩት የቁጠባ ስሌት ሌንሱን በጋራ ሀብትነት ቆጥሮ ጥቅሙን በግል የሚያስቀር ስለነበር በዚያ መልኩ እንዲጸድቅ አልፈልግም።

ስለዚህ ሐሳቤን እንዲህ አሻሽላለሁ። ካነን የሚገዛው ቢያንስ ሁለት 24-70፣ ሁለት 70-200 እና ሦስት ባለ 50 ሚሊ ሜትር የኢኤፍ ሌንሶች በጥገና ባለሙያችን ተመርምረው፣ ሻጋታ እንደሌለባቸው ተረጋግጦና ዋጋቸው ተገምቶ በጋራ ቁምሳጥናችን ሲገቡ ብቻ ነው። ሌንሱን የሚሰጥ አባል ግምቱ ከወደፊት ክፍያው ላይ ይቀነስለታል፤ ሌንሱም ከዚያ በኋላ የእሱ መሆኑ ይቀራል፤ እንደ ማንኛውም አባል ተራ ይዞ ፈርሞ ይወስደዋል። ይህ እስከ እሑድ ካልተሟላ የካነንን ሐሳብ ራሴ አንሥቼ ድምፄን ለሶኒ እሰጣለሁ። የራሴን 24-70 ነገ ጠዋት አስረክባለሁ።

የበዓላት ፎቶ አንሺ፣ ጊዮርጊስ አካባቢ

አንዱ 50 ሚሊ ሜትር ከእኔ ነው። 70-200 የለኝም።

የሠርግ ፎቶ አንሺ፣ አራት ኪሎ

ስለ መግጠሚያው መዘጋት ያነሣሁትን አልሰረዝኩም፤ ከአምስት ዓመት በኋላ እንደምንመለስበት እርግጠኛ ነኝ። ይሁንና ዳኛችን ያሉት ከተፈጸመ ለካነን እጄን አወጣለሁ። በሥራ የበዛበት ቅዳሜ 70-200 ከእጁ መለየት ለሠርግ ፎቶ አንሺ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ የእኔን ሐሙስ ከሰዓት ለጥገና ባለሙያው አደርሳለሁ። ሁለተኛው ከማን እንደሚመጣ ግን እስካሁን አልሰማሁም፤ 70-200 ያለን አምስት ሰዎች ነን።