ጉቶው አልነቀል አለኝ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። የግቢዬን የተክል አጥር ከቆረጥኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ቅርንጫፉን በመጋዝ በአንድ ቀን ጨረስኩት። ጉድ ያፈላው ጉቶው ነው። 11 ጉቶ በአንድ መስመር ተሰልፎ ቀርቷል። አብዛኛው የክንዴን ያህል ነው፤ ሁለቱ ግን ጭኔን ያክላሉ።

ዙሪያቸውን በዶማ ቆፈርኩ፣ የጎን ሥሮቹን በመጥረቢያ ቆረጥኩ፣ በድጅኖ ፈነቀልኩ። አራቱ ወጡ። የቀሩት ንቅንቅ አላሉም። ቀጥ ብሎ ወደ ታች የወረደ ወፍራም ሥር ሳይኖራቸው አይቀርም። መጥረቢያው እዚያ ድረስ አይገባልኝም፤ ድንጋይ እየመታም ዶልዱሟል። እጄ ውኃ ቋጥሯል። ይባስ ብሎ ትናንት ሳይ ከተቆረጠው ጠርዝ ላይ ቀላ ያለ ቀንበጥ ብቅ ብሏል። የሚስቅብኝ ነው የመሰለኝ!

ጎረቤቴ «በመኪና ጎትተው» አለኝ። የውኃ ቧንቧው በዚያው መስመር ስለሚያልፍ ፈራሁ። እሳትም አልሞክርም፣ ቤቱ ቅርብ ነው። ቦታው ላይ ጎመን ልተክል ስላሰብኩ ኬሚካል ባይሆን እመርጣለሁ።

ጉቶውን በድሪል በሳስቼ፣ አፈር አልብሼ እንዲበሰብስ ብተወው ያዋጣል? ወይስ ዓመታት ይፈጃል? መሬቱን በውኃ አርሼ መቆፈሩን ልቀጥል? የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።