ላብራዶሬ ያነሳል፣ ግን አይሰጠኝም! ምን ላድርግ?

ጥያቄ፣ ከሳቢያን (ድሬዳዋ)
ሰላም ለሁላችሁ። የ9 ወር ወንድ ላብራዶር ውሻ አለኝ፤ ሮቢ ይባላል። የዘሩ ሥራ ከአዳኝ ጋር ወጥቶ የተመታውን ወፍ ፈልጎ በአፉ ማምጣት መሆኑን ካነበብኩ ወዲህ እሱን ማሠልጠን ሕልሜ ሆኗል። ከጆንያ ቁራጭ ጥቅል ሰፍቼ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ እወረውርለታለሁ። እንደ ጥይት ሄዶ ያነሳል። ሲመለስ ግን አምስት እርምጃ ሲቀረው ትከሻውን ያዞርና ይሸሻል። ስከተለው ይብስበታል። ስይዘው ደግሞ ነክሶ አይለቅም፤ ትናንት ጥቅሉን ዘለዘለው። ልተወው ወይስ መፍትሔ አለው? አንድ ቀንስ መወዳደር ይችላል?

መልስ፣ ከቀፊራ
ኧረ አቦ፣ ምን ልተወው ትላለህ! ውሻህ ምንም አላጠፋም። ይዞልህ በመጣ ቁጥር ትነጥቀዋለህ፤ እሱም ወደ አንተ መምጣት ማለት መቀማት ነው ብሎ ያዘው። የእኔዋም እንደዚሁ ነበረች። በፍጹም አትከተለው። ጀርባህን ሰጥተህ ሩጥ፤ ራሱ ይከተልሃል። ሲደርስ እጅህን ወደ አፉ አትስደድ። ጥቅሉ አፉ ውስጥ እንዳለ ደረቱን እሽት እሽት አድርገው፣ አመስግነው፣ ትንሽ ቆይ። ከዚያ «ስጥ» ብለህ በሥጋ ቁራጭ ለውጠው። መጀመሪያ በር ዘግተህ ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ሞክረው፤ የሚዞርበት ቦታ አያገኝም።

መልስ፣ ከሐረር
ወንድሜ፣ ስኮትላንድ ስኖር ቅዳሜ ቅዳሜ እነዚህን ውሾች ይዘው ከሚወጡ ሰዎች ጋር እሄድ ነበር። እዚያ ፊልድ ትራያል የሚባለው ውድድር በእውነተኛ አደን ላይ ነው የሚካሄደው። ዳኛው ውሻው ያመጣውን ወፍ ተቀብሎ የጎድን አጥንቱን በጣቶቹ ይዳብሳል። በውሻው ጥርስ ተሰብሮ ካገኘው ውሻው ከውድድሩ ወጣ። ሳይታዘዝ የሮጠም፣ ተቀምጦ ሲጠብቅ እያላዘነ የጮኸም ይወጣል። ስለዚህ ከሩጫው ይልቅ መቀመጡን አስተምረው። እኔ ብሆን አሥር ጊዜ ብወረውር ስድስቱን ራሴ ሄጄ አነሳለሁ፤ እሱ ቁጭ ብሎ ያያል። ጥቅሉን ደግሞ ጠበቅ አድርገህ ስፋው፤ ግማሽ ኪሎ ያህል ይበቃል። ጎትተህ አታጫውተው፣ መንከስን ታስተምረዋለህ። ልጆችም እየወረወሩ አያድክሙት። ገና እያማረው አቁም።

ስለ ውድድሩ፣ ወርኪንግ ቴስት የሚባል ሌላ ዓይነት አለ። በጥቅል ብቻ ነው፣ ወፍ አይገደልበትም። ሦስት አራት ሰው ከተሰባሰበ እዚህም ልንሞክረው እንችላለን። ጅግራና ቆቅ ለማደን ግን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ እንዳታስበው።

መልስ፣ የእንስሳት ሐኪም፣ ሐረር
እኔን ያሳሰበኝ ሙቀቱ ነው። የላብራዶር አያቶች ኒውፋውንድላንድ ቀዝቃዛ ባሕር ላይ ከዓሣ አጥማጆች ጋር የሠሩ ናቸው፤ ጸጉሩ ድርብ ነው። ውሻ እንደ ሰው አያልበውም፣ ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው የሚቀዘቅዘው። የድሬን ፀሐይ ደግሞ ታውቀዋለህ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምረህ ከ1 ሰዓት ተኩል በፊት ጨርስ። የእጅህን ጀርባ መሬቱ ላይ አድርገህ ሰባት ሰከንድ መቆየት ካልቻልክ ለእሱም መዳፍ አይሆንም። ማለክለኩ ካልበረደ፣ ድዱ ደም ከመሰለ፣ ከተንገዳገደ ጥላ አስገባው፤ ሰውነቱን በሙሉ በውኃ እያራስክ አናፍሰው፣ ወዲያው ወደ ሐኪም ውሰደው። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ጉዞ።

ሌላው ገራባ (የጫት ትራፊ) ነው። ፍየል ትበላለች ብለህ ለውሻ አትናቀው። ጫት የልብ ምት ይጨምራል፤ ከሩጫና ከሙቀት ጋር ሲደመር አደገኛ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም አደራ።

መልስ፣ ከከዚራ
ልጄ፣ ደቻቱን በክረምት ተጠንቀቅ። እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከላይ ከተራራው ጎርፍ ይመጣል። የ1998ቱን እኛ አንረሳውም። በክረምት ሌላ ሜዳ ፈልግ።

ጠያቂው፣ ከአራት ቀን በኋላ
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ኮሪደሩን ሞከርኩ። ዛሬ ጠዋት ጥቅሉን ይዞ መጥቶ ጉልበቴ ላይ ተደገፈ። አልነጠቅኩትም። ደረቱን እያሸሁ ሳለሁ አፉን ራሱ ከፈተው፤ ጥቅሉ እጄ ላይ ወደቀ። በምራቅ ርሷል እንጂ አንድ ስፌት አልተፈታም። የሐረሩ ወንድሜ፣ ለመሰባሰቡ እኔ አለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ይመችሃል?